በወታደር አልበም ውስጥ ያገኘኋቸው የፍርስራሽ ፎቶግራፎች የየትኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ናቸው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ለንደን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁት አልበም በቅኝ ግዛት ዘመን ሕንድ ውስጥ ያገለገለ የአንድ እንግሊዛዊ ወታደር ንብረት ሳይሆን አይቀርም። የመጀመሪያዎቹ ገጾች የፖሎ ጨዋታ፣ የሰልፍ ሥነ ሥርዓት፣ እንዲሁም ቁምጣ የለበሱ ወታደሮች ድንኳን ደጃፍ ሻይ ሲጠጡ ያሳያሉ። ከአልበሙ አጋማሽ በኋላ ግን መግለጫ ያልተጻፈባቸው የፈራረሰ ከተማ ፎቶግራፎች ይከተላሉ። በ1934 በምሥራቅ ሕንድ ቢሃር የደረሰው ነው ወይስ በ1935 በዛሬዋ ፓኪስታን ኩዌታ የደረሰው? (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በፍርስራሹ መካከል ወታደር ብቻ የሚታየውስ ለምንድን ነው?

መልስ 1፦
በቅድሚያ ከሕንፃዎቹ ኋላ ያለውን መሬት ይመልከቱ። ቢሃር የጋንጅስ ሜዳ በመሆኑ አድማሱ ለጥ ያለ ነው፤ ውሃ ያዘለው አሸዋማ አፈር በመናወጡ ብዙ ቤቶች ሳይፈርሱ ወደ መሬት ሰጥመው ወይም ተንጋደው ቀርተዋል። ኩዌታ ግን ራቁታቸውን በቆሙ ተራሮች የተከበበች ከተማ ናት፤ ቤቶቿም በአብዛኛው ከጭቃ ጡብ የተሠሩና ከባድ ጣሪያ የተጫነባቸው ስለነበሩ በፎቶግራፍ የሚታዩት ግድግዳና ጣሪያው የማይለይ የአፈር ቁልል ሆነው ነው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ተራራው አንድም ዛፍ የለውም፤ ስለዚህ ኩዌታ ነው ማለት ነው።

መልስ 2፦
ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ። አደጋው የደረሰው ግንቦት 23 ቀን 1927 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ ሕዝቡ በተኛበት ነው፤ የሟቾች ቁጥር ከ30,000 እስከ 60,000 ይገመታል። የአየር ኃይሉ ሰፈር ክፉኛ ቢመታም አብዛኛው የጦር ሰፈር በመትረፉ ሠራዊቱ ወዲያው ለነፍስ አድን ሥራ ወጣ። ከዚያም ከተማዋ በወታደር ታጥራ ወታደራዊ አስተዳደር ታወጀባት፣ የተረፉትም በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ በተተከለ የድንኳን ካምፕ ተጠለሉ። እርዳታ ይዘው ሊገቡ የጠየቁት የሕንድ ኮንግረስ ፓርቲ ፕሬዚዳንት ራጄንድራ ፕራሳድ እንኳ ፈቃድ ተከልክለዋል። ስለዚህ ካሜራ ይዞ በፍርስራሹ መካከል መዘዋወር የሚችለው በአመዛኙ ወታደሩ ነበር፤ በእኔ አስተያየት የነዋሪው ሐዘን ከእነዚህ አልበሞች የጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠያቂው፦
አንድ ነገር ግን ግራ አጋብቶኛል። በአንዱ ፎቶግራፍ ላይ ዙሪያው ሁሉ ወድሞ በረድፍ የተሠሩ ትናንሽ ቤቶች ምንም ሳይሆኑ ቆመዋል።

መልስ 3፦
የባቡር ሠራተኞች መኖሪያ ሊሆን ይችላል። በ1931 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለኩዌታ ቅርብ በሆነችው ማች ከተማ አካባቢ ከደረሰው መንቀጥቀጥ በኋላ ኤስ. ኤል. ኩማር የተባሉት የባቡር መሐንዲስ ግድግዳው በአሮጌ ሐዲድ የተጠናከረ ቤት ነድፈው ነበር፤ በዚያ ንድፍ የተሠሩት ቤቶች በ1935ቱ የኩዌታ መንቀጥቀጥ ተርፈዋል። ፎቶግራፉን በከፍተኛ ጥራት ስካን አድርገው ቢለጥፉልን አብረን እንመረምረዋለን። ከገጹ ለመላጥ ግን አይሞክሩ፤ ሙጫው ጀርባው ላይ ያለ ጽሑፍ ካለ ይዞት ይቀራል።