ያለ ጠበቃ የሕንፃ አስተዳዳሪ ድርጅት ከስሼ «እኛ ወኪል ነን» አሉኝ

የልብስ ሰፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ የስፌት ሱቅ ተከራይቼ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ነው፣ ባለቤቱን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ከላይ ያለው ቧንቧ ያንጠባጥባል ብዬ ስንቴ ነገርኳቸው፣ ዛሬ ነገ ሲሉ ቆዩና አንድ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል። ለሠርግ የተቀበልኩት ጨርቅ ቀይ ቀለሙ ነጩ ላይ ተጋብቶ ቀረ፣ ኦቨርሎክ ማሽኔም ከዚያ ወዲህ አልሠራም። ስለቅ ደግሞ «ግድግዳው ረጥቧል» ብለው የሁለት ወር ማስያዣዬን ያዙብኝ። ያረጠበው የራሳቸው ቧንቧ ነው እኮ!

ለጠበቃ የምከፍለው ስለሌለኝ ራሴ ከሰስኩ። ክሱን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያለ ማመልከቻ ጸሐፊ በኦሮምኛ አዘጋጀልኝ፤ ኦሮምኛ እናገራለሁ፣ የሕግ ጽሑፉ ግን ይከብደኛል። አሁን የመከላከያ መልሳቸው ደረሰኝ። «የባለቤቱ ወኪል ብቻ ነን፣ ልንከሰስ አይገባም፣ መዝገቡ ይዘጋልን» ይላል። ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ብዬ ልመልስ?

ባለ ጉዳይ፦
አይዞሽ እህቴ። ይሄ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ የሚባለው ነው፣ ዳኛው ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቱ በፊት ያየዋል። ውሉ ላይ አከራይ ተብሎ የተጻፈው ማነው? በባለቤቱ ስም እንደሚዋዋሉ ገልጸው ከሆነ መልሳቸው ውሃ ያነሳል። በራሳቸው ስም ከሆነ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2197 ጥቀሺ። በራሱ ስም የተዋዋለ ወኪል ግዴታውም የራሱ ነው።

የልብስ ሰፊዋ፦
አሁን አውጥቼ አየሁት። «አከራይ» የሚለው ሥር የድርጅቱ ስምና ማኅተም ብቻ ነው ያለው። የባለቤቱ ስም የትም የለም። ደረሰኞቹም የእነሱ ናቸው።

ባለ ጉዳይ፦
በጣም ጥሩ፣ እሱን አጥብቀሽ ያዢ። እንዲያም ሆኖ አማራጭ ይዘሽ ግቢ። ፍርድ ቤቱ ባለቤቱም መኖር አለበት ካለ፣ መዝገቡ ከሚዘጋ ባለቤቱ ተጨምሮ ይጠራልኝ በዪ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 40 ይፈቅዳል።

የድሮ ተከራይ፦
ልጄ፣ ከሁሉም በላይ ቀጠሮ እንዳያመልጥሽ። እኔ ባጃጅ ስጠብቅ ሃያ ደቂቃ ዘግይቼ ስደርስ ተከሳሹ ቀርቦ እኔ ስለሌለሁ መዝገቤ ተዘግቶ ጠበቀኝ። ለማስከፈት ያለሽ አንድ ወር ብቻ ነው፣ እሱም በቂ ምክንያት ካስረዳሽ። ደግሞ ዋናውን ውል ይዘሽ ሂጂ። ዳኛዋ ኮፒዬን ገለጥ ገለጥ አድርጋ «ዋናው የት አለ?» ስትለኝ የምለው ጠፋኝ።

አዳሜ፦
ጨርቁንስ ጥለሽዋል? እንዳትጥዪው! ጉዳቱን የሚያሳየው እሱ ነው። የተገዛበት ደረሰኝና ውሃውን ያዩ ምስክሮች በማስረጃ ዝርዝርሽ ላይ መኖራቸውንም እዪ። የቀረ ካለ ዛሬ ነገ ሳትዪ ምክንያቱን ጽፈሽ እንዲጨመርልሽ ለችሎቱ አመልክቺ።

የልብስ ሰፊዋ፦
ጨርቁ እናቴ ቤት በፌስታል ታስሮ አለ። ጎረቤቴ ባለ ጫማ ቤቱ በምስክርነት ተመዝግቧል፣ ያን ጠዋት አብሮኝ ውሃ ሲጠርግ የነበረ ነው። የማሽኑን መጠገኛ ደረሰኝ ግን አላያያዝኩም። ነገ ጠዋት ጸሐፊው ጋ እሄዳለሁ። እግዜር ይስጣችሁ።