የምትወዱት ሰው ከሞተ በኋላ ስራዎቹን መልሳችሁ ማየት ትችላላችሁ?

ትራስ_ስር
ሰላም ሰዎች፣ ጥያቄዬ ሞኝ ሊመስላችሁ ይችላል ግን ልጠይቅ። ማቲው ፔሪ ከሞተ ጀምሮ (ኦክቶበር 28፣ 2023) እሱ የሚሰራበትን የአሜሪካ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ፍሬንድስን ማየት አቅቶኛል። በፊት ማታ ማታ እሱን ካልከፈትኩ እንቅልፍ የለም፣ ስልኬን ትራሱ ላይ አስደግፌ ብርሃኑን ቀንሼ ድምፁን እየሰማሁ ነበር ምተኛው፣ አስሩንም ሲዝን ስንቴ እንደጨረስኩት እኔንጃ። አሁን እከፍተውና ገና እሱ በሩን ከፍቶ ሲገባ አጠፋዋለሁ።

ያባሰብኝ ደሞ የህይወት ታሪኩን ማንበቤ ነው። እዛ ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ ክብደቴን እያያችሁ በየሲዝኑ ምን እየወሰድኩ እንደነበር ማወቅ ትችላላችሁ ይላል። ወፈር ብዬ ካያችሁኝ መጠጥ ነው፣ ከስቼ ከሆነ ክኒን ነው፣ አገጬ ላይ ፂም ካለ ደሞ ብዙ ክኒን ነው ይላል። እሱን ካነበብኩ ወዲህ ቀልዱን ትቼ ጉንጩን ማየት ጀመርኩ በቃ። ሸሚዙ ሰፍቶታል፣ አንገቱ ቀጥኗል፣ ሰው ሁሉ ይስቃል እኔ ሰውየውን እመዝናለሁ።

እናንተ እንዴት ነው ምታደርጉት? ወዲያው ታያላችሁ ወይስ ጊዜ ትሰጡታላችሁ? የማን ሞትስ ነው እንዲህ ያደረጋችሁ?

ካሴት_በእስክሪብቶ
እኔ ያንቺ ተቃራኒ ነኝ፣ ዜናውን የሰማሁ ለት ማታ ነው ያለውን ሁሉ ምጨርሰው። የሮክ ዘፋኙ ኦዚ ኦዝበርን የሞተ ጊዜ እስኪነጋ ኢርፎን ከጆሮዬ አልወጣም። የኦዚ ግን ለየት ይላል፣ ሰውየው ተሰናብቶ ነዋ የሄደው። ጁላይ 5፣ 2025 በርሚንግሃም ውስጥ፣ ያደገበት ሰፈር እዛው አጠገቡ ነው፣ ቪላ ፓርክ ስታዲየም ላይ የፓርኪንሰን በሽታው አላስቆም ስላለው ትልቅ ጥቁር ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። የባንዱ የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ልጆችም ከ20 አመት በኋላ አንድ መድረክ ላይ ወጡ። ያ ሁሉ ህዝብ ቆሞ እሱ ተቀምጦ ግን እጃችሁን አንሱ ሲላቸው ያነሳሉ፣ ጩሁ ሲላቸው ይጮሃሉ። በ17ኛው ቀን አረፈ፣ 76 አመቱ ነበር። እንደሱ አይነት አሟሟት ሲሆን ታለቅሻለሽ ግን የሆነ ነገር ሳይዘጋ የቀረ አይመስልሽም። ያንቺው ፔሪ ግን በ54 አመቱ ድንገት ነው የሄደው፣ ማየት ቢያቅትሽ አልፈርድብሽም።

ቁጥብ_ሰው
አትቀየሙኝና እኔ ይሄ ነገር አይገባኝም። አንድ ቀን እንኳን ሰላም ብሏችሁ ለማያውቅ ሰው ይሄ ሁሉ ሀዘን? ግማሹ እኮ ለላይክ ነው ሚያለቅሰው። ሰው በሞተ በአስር ደቂቃ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ሻማ፣ ጥቅስ። ከዛ በሳምንቱ ማን ያስታውሰዋል?

ድምፅ_ለቃሚ
@ቁጥብ_ሰው ለላይክ ሚያደርግ የለም አልልህም፣ ሞልቷል። ግን ሰላም ሳይልህም የሚያሳድግህ ሰው አለ ወንድሜ። እኔ ልጅ ሆኜ እንተባተብ ነበር፣ "መ" ፊደል ላይ ስደርስ ሰውነቴ ሁሉ ነው ሚቆልፈው። ከዛ ጄምስ ኧርል ጆንስ፣ ያ የስታር ዋርሱ ዳርዝ ቬደር ድምፅ፣ የላየን ኪንጉ ሙፋሳ ድምፅ፣ ልጅ እያለ በመንተባተቡ ምክንያት ስምንት አመት ገደማ ማውራት ትቶ እንደነበር አነበብኩ። ሃይስኩል የገባ ጊዜ መምህሩ ግጥም እንደሚፅፍ አወቀበትና እስቲ ያንተ መሆኑን አሳየኝ፣ ክፍሉ ፊት ቆመህ በቃልህ በለው አለው። ልጁ ሲለው አንዴም ሳይደናቀፍ ወጣለት። እኔም በር ዘግቼ ሻወሩን ከፍቼ ግጥም መጮህ የጀመርኩት ከዛ በኋላ ነው፣ ውሃው የፈሰሰው ሰው እንዳይሰማኝ ነው እንጂ ለመታጠብ አልነበረም። ሴፕቴምበር 9፣ 2024 በ93 አመቱ ሲያርፍ ታዲያ ምን ልሁን ትለኛለህ?

ሌላው ያልዋጠልኝ ነገር፣ ሳይሞት በፊት የዳርዝ ቬደርን ድምፅ በኤአይ እንዲሰሩት ፈቅዶ ነበር፣ ሬስፒቸር የሚባል የዩክሬን ኩባንያ ነው ከድሮ ቅጂዎቹ እያወጣ የሰራው። ራሱ ስለፈቀደ ምንም ማለት አልችልም፣ መብቱ ነው። ግን ያ ድምፅ እኮ ምላሱ የታሰረ ልጅ ታግሎ ያመጣው ድምፅ ነው፣ የኤአዩ ፎቶኮፒ ነው ሚመስለኝ፣ ምንም ትግል የለበትም።

@ትራስ_ስር ላንቺ ደሞ አንድ ሀሳብ፣ ፊቱን ተይውና ድምፁን ብቻ ስሚው።

ገብቼ_ልውጣ
ከሞቱት ይልቅ ዩቲዩብ ላይ የተገደሉት ይበዛሉ ሃሃ። ለዛ ነው እኔ ገፁን ሳላይ ማላምነው፣ ይሄም ራሱ ጉድ ሰርቶኛል። ኦገስት 28፣ 2020 የብላክ ፓንተሩ ተዋናይ የቻድዊክ ቦስማን ሞት በራሱ ገፅ ላይ ሲወጣ አካውንቱ ሃክ ተደርጎ ነው ብዬ ስከራከር አመሸሁ። ለካ አራት አመት ሙሉ የአንጀት ካንሰር ይዞት፣ ኬሞ እየወሰደ ነው እነዛን ሁሉ ፊልሞች የሰራው። 43 አመቱ። ያቺ ፖስት ትዊተር ላይ በታሪክ ከፍተኛ ላይክ ያገኘችው ሆነች።

ማታ ማታ ትዝ ሚለኝ ግን እሱ አይደለም። በዛው አመት ኤፕሪል ላይ አንድ ቪዲዮ ለቆ ነበር፣ ጉንጩ ገባ ገባ ብሎ፣ ኮፍያው ሰፍቶት። ኮሜንት ላይ ሰው ስንት ነገር ሲለው እኔም የሳቅ ኢሞጂ አድርጌ አልፌአለሁ። እና @ትራስ_ስር አንቺ ከሞተ በኋላ ነው የመዘንሽው፣ እኔ በቁሙ።

ሸክላ_ሰብሳቢ
እኔ የሙዚቃ ፕሮዲውሰሩን ጋሽ ኩዊንሲ ጆንስን ልበል (ኖቬምበር 3፣ 2024፣ በ91 አመቱ፣ 28 ግራሚ)። ሰውየው የገዛ መታሰቢያው ላይ ተገኝቷል ብላችሁስ? 1974 ላይ ጭንቅላቱ ውስጥ የደም ስር ፈነዳበትና ይሞታል ተብሎ ጓደኞቹ የመታሰቢያ ኮንሰርት አዘጋጁ። እሱ ሆዬ ተረፈ፣ ፕሮግራሙም አልተሰረዘ፣ ሀኪሙን አጠገቡ አስቀምጦ ሲያለቅሱለት አየ። ከዛ ወዲያ ትራምፔት መንፋት ተከለከለ። ከማይክል ጃክሰን ጋር ሶስቱን አልበሞች የሰራውም ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ።

ደሞ እኛ እሱን ለማስታወስ ሌላም ምክንያት አለን። ለ77ቱ ረሃብ የተዘፈነውን የአሜሪካኖቹን ዘፈን (ዊ አር ዘ ወርልድ) ፕሮዲውስ ያደረገው እሱ ነው። ጃንዋሪ 28፣ 1985 ማታ የሽልማት ፕሮግራም ነበራቸው፣ ከዛ እንደወጡ ሆሊውድ ስቱዲዮ ገብተው እስኪነጋ ቀረፁ። ኩዊንሲ በር ላይ ኩራታችሁን ውጪ አስቀምጡ የሚል ፅሁፍ ለጥፎ ነበር አሉ። ሀሳቡን ያመጣው ሃሪ ቤላፎንቴም ኤፕሪል 2023 በ96 አመቱ አረፈ። ቲና ተርነር የለችም፣ ኬኒ ሮጀርስ የለም፣ ማይክል የለም። ቪዲዮውን በከፈትኩ ቁጥር የሌሉትን ስቆጥር ዘፈኑ ያልቃል። ነፍስ ይማር።

ቁጥብ_ሰው
የላይኩን ነገር አሁንም አልመለሳችሁልኝም። ግን የገዛ መታሰቢያው ላይ የተገኘውን ሰውዬ ልፈልገው ነው፣ ይሄንንስ አልሰማሁም።

ትራስ_ስር
@ገብቼ_ልውጣ ያልከው ነገር ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም፣ አይዞህ፣ ማን ያውቅ ነበር።

@ድምፅ_ለቃሚ የነገርከኝን ሞከርኩት። እንደውም አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ 2021 ላይ የፍሬንድስ ተዋናዮች ተሰባስበው ሲያወሩ ፔሪ ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካቹ ካልሳቀልኝ የምሞት ነበር ሚመስለኝ ብሎ ነበር፣ ሌሎቹ እንኳን አናውቅም ነበር አሉት። ሳቁ እኮ የእውነት ሰዎች ሳቅ ነው፣ እዛው ተቀምጠው ሚያዩት። ትናንት ማታ ስልኩን በፊቱ ደፍቼ ከፈትኩት። ፊቱ የለም፣ ክብደት የለም፣ እሱ አንድ ነገር ይላል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዛ ሰው ይስቅለታል። እያንዳንዱ ዝምታ ላይ ይስቁለት ይሆን እያልኩ አብሬው ስጨነቅ ነበር፣ ሁሌም ሳቁለት። አንዱን ጨረስኩ፣ ሁለተኛው ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል መሰለኝ፣ ጠዋት ስነሳ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር።