ክርክር፦ ጀማሪ ገጣሚ በቀላል ቃል ይጀምር ወይስ በሰምና ወርቅ?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት ክርክር ይሄ ነው። ቅዳሜ አንድ የግጥም ምሽት ላይ ጀማሪዎችን የሚያሠለጥን ሰው «ለአንድ ዓመት ህላዌ፣ ሰቆቃ፣ ማዕበል፣ ነፍሴ የሚሉ ቃላት አትንኩ፣ ከእናታችሁ ጋር በስልክ ስታወሩ በምትሉት ቃል ጻፉ» አለና ሰው ተቆጣ፣ ቅኔያችንን ናቀ፣ ሰምና ወርቁን (ላይ ላዩ አንድ፣ ውስጡ ሌላ ትርጉም የሚይዘውን አነጋገር) ናቀ ብለው የወጡም ነበሩ። እናንተስ? በየትምህርት ቤቱ ክበብ ልጆች ግጥም ሲለማመዱ ከምን ይጀምሩ?

ዳኛ ነበርኩ፦ እኔ ከተቆጡት ጋር ነኝ። የተማሪዎች ውድድር ላይ ለብዙ ጊዜ ዳኝቻለሁ፣ «ቀላል ጻፉ» የሚባል ምክር ከመጣ ወዲህ የሚቀርብልን ዓረፍተ ነገር በየሦስት ቃሉ ተቆርጦ ወደታች የተደረደረ ነገር ነው። ምጣኔ (የስንኙ ልክ) የለ፣ ቤት (የስንኝ መጨረሻ ድምፅ መግጠም) የለ። «ዛሬ ዘነበ / አንቺ የለሽም / ሻይ ጠጣሁ»። ይሄ ቴሌግራም ላይ ሺህ ላይክ ያገኛል ግን ግጥም አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ማን ነው አቅልል ያለው? «እሳት ወይ አበባ» በ1966 ወጥቶ ይኸው እስካሁን እያጣቀስነው ነው፣ ያውም ቃሉ ከብዶ። አማርኛ ከግዕዝ የወረሰውን ሀብት ልጆቹ ሳይነኩት ተዉት ማለት ምን የሚሉት ትምህርት ነው።

መምህርት ከደሴ፦ ጋሼ፣ ስለተቆራረጠው ነገር እስማማለሁ፣ ግን ያ ቀላል ስለሆነ አይደለም እኮ የደከመው፣ ምንም ስላላየ ነው። ክፍሌ ውስጥ የማየው የርስዎ ተቃራኒ ነው፣ የ9ኛ ክፍል ልጅ «የህላዌ ጽልመት» ብሎ ይጽፍና ህላዌ ምንድነው ስለው ዝም ይላል። የማያውቀውን ቃል ነው የጻፈልኝ። አባቴ የከበደ ሚካኤልን ግጥሞች በቃሉ ይወጣቸዋል፣ ብዙም አልተማረም፣ ግን አንድም ቃል ተርጉሙልኝ ብሎ አያውቅም።

የገበሬ ልጅ፦ እኔ ሁለታችሁም የሳታችሁት ነገር ያለ ይመስለኛል። ቀላል ማለት ለማን ነው ቀላል? ባለፈው አንድ ግጥም አነበብኩ፣ «አባቴ ማረሻውን ጨብጦ» ይላል። ማረሻ አይጨበጥም ወንድሜ፣ ማረሻ መሬት ውስጥ የሚገባው ብረት ነው፣ የሚጨበጠው እርፍ ነው። ይሄን ኮሜንት ላይ ስጽፍ «እርፍ የሚባለውን ማንም አያውቀውም፣ ቀለል ለማድረግ ነው» አሉኝ። እኛ ቤት እርፍ፣ ሞፈር፣ ድግር፣ ቀንበር ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ ስላላወቀው ብቻ ከባድ ቃል ተባለ። ስለዚህ ቀላሉን ሳይሆን ትክክለኛውን ቃል ፈልጉ ብትሏቸው ይሻላል፣ አንባቢው ካላወቀው ጠይቆ ይማራል።

መምህርት ከደሴ፦ @የገበሬ ልጅ ይሄን ነገ ክፍል ውስጥ እነግራቸዋለሁ፣ እውነቴን ነው። ህላዌ እና እርፍ ሁለቱም ለልጁ ባዕድ ናቸው፣ ግን እርፍን እጁ ላይ ላሳየው እችላለሁ።

ዳኛ ነበርኩ፦ እሺ፣ እርፉን እቀበላለሁ። ሰምና ወርቁስ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ጋሼ እዚህ ላይ ልግባ፣ አራት ዓመት ቅኔ ቤት ነበርኩ። ቅኔ ስለ ጨለመ ነው ቅኔ የሆነው የሚለው ውጭ ያለ ሰው ወሬ ነው። የኔታ ገና ስትጀምር መወድስ የሚባለውን ረጅሙን የቅኔ ዓይነት ቁጠር (ፍጠር) አይሉህም፣ ስምንት ቤት፣ ማለትም ስምንት ስንኝ ነው፣ አትችለውም፣ የምትጀምረው ጉባኤ ቃና በሚባለው አጭሩ ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። ለብቻህ ዛፍ ሥር ሄደህ ትቆጥራለህ፣ ይዘህ ትመጣለህ፣ የኔታ «ይቺ ምን ትሠራለች?» ይላሉ። አንድ ቃል ሥራ ከሌላት ትወጣለች። ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ ወርቅ አለኝ ብትል አይሰሙህም። ሰም ማለት ደግሞ እርሻው፣ ዝናቡ፣ ሠርጉ ነው፣ ሰው የሚያየው ነገር። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የተማርኩት መቀነስ ነው።

ሌላም ልጨምር፣ አዝማሪ ህብረ ቃል ሲጠቀም ያስተዋለ ሰው ያውቀዋል፣ ሁለት ትርጉም የሚይዘው ቃል ሁሉም የሚያውቀው ቃል ነው። «አልጋ» ሲል መኝታውም ዙፋኑም የሚመጣልህ አልጋን ከልጅነትህ ስለምታውቀው ነው። ቃሉን ካላወቅከው አንዱም ትርጉም አይመጣልህ፣ ሁለቱ ከየት ይመጣሉ?

ሪያድ ያለሁት፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ፣ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ነው ያለሁት፣ ማታ ማታ እጽፋለሁ። ስለ እናቴ የጻፍኩት የመጀመሪያ ግጥሜ እንዲህ ነበር፣

የናፍቆት ማዕበል በነፍሴ ጨለማ፣
ሲናወጥ ይኖራል በሰቆቃ ዜማ።

ጓደኛዬ አነበበችውና «እናትሽ የታለች?» አለችኝ። ተናደድኩ። ግን እውነቷን ነው የለችበትም። ከዛ እህቴ በስልክ የነገረችኝን ነገር ጻፍኩት፣

እናቴ ቡና አፍልታ
አራት ሲኒ ደረደረች፤
ሦስት ነን ቢላትም አባቴ
«ያ የሷ ነው» ብላ ቀዳች።

ይሄ ግጥም ነው ወይ? ጋሼ እንዳሉት ወሬ ቆራርጬ እንዳይሆን ፈርቼ ነው።

ነርስ ነኝ፦ እህቴ ተረኛ ሆኜ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት፣ ሁለቴ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ የመጀመሪያው ምጣኔው ልክ ነው እኮ፣ የስንኙ እኩሌታ ስድስት ስድስት ቀለም (ሲነበብ የሚቆጠር ድምፅ)፣ የወል ቤት የሚባለው፣ ማ ከማ ጋር ቤቱንም መቷል። ግን ስለ ማንኛዋም እናት ሊሆን ይችላል፣ ስለ ጠፋ ፍቅረኛም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ያንቺ እናት ብቻ ናት።

ዳኛ ነበርኩ፦ ልጄ፣ ግጥም ነው። ቆጠርኩት፣ አራቱም ስንኝ ስምንት ቀለም ነው፣ አልተቆራረጠም። ውድድር ላይ ቢመጣልኝ ግን ነጥብ እቀንስብሽ ነበር፣ ደረደረች እና ቀዳች ቤት አይመቱም፣ ረች እና ዳች ነው፣ ች ብቻዋን ደካማ ናት። «የሷም ነው ብላ ጨመረች» ብትይው ይመታል፣ ስምንትም ይሞላል።

ሪያድ ያለሁት፦ ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ቆጥረው ማንበብዎ ራሱ ደስ ብሎኛል። ግን ጨመረች አይሆንልኝም። እናቴ ምንም አልጨመረችም፣ ሁሌ የምታደርገውን ነው ያደረገችው። ቀዳች ነው።

ዳኛ ነበርኩ፦ ለቤት መምቻው ስትይ አንድ ቃል መልቀቅ አትችዪም?

ሪያድ ያለሁት፦ ይቺን አልችልም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ «ቀዳች»ን ትያዝ፣ ጋሼ። ላይኛውን እንንካው። «አራት ሲኒ አሰናዳች»። ስምንት ነው፣ ዳች ከዳች ይመታል።

ዳኛ ነበርኩ፦ ይመታል። ይሄ ጥሩ ነው።

መምህርት ከደሴ፦ ደረደረች ግን ሲኒዎቹን ያሳየኝ ነበር፣ ረከቦቱ ላይ በተራ። አሰናዳች ትንሽ አደበዘዘብኝ።

ሪያድ ያለሁት፦ እኔም መጀመሪያ እንደሱ ተሰማኝ፣ ግን እናቴ ራሷ «ሲኒ አሰናጂ» ነው የምትለን፣ ድምጿን ሰማሁት። እወስደዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ «ቢላትም» ላይ ያለችው ም ቀለም ለመሙላት ብዬ ያስገባኋት ናት፣ ልዋሽ አልፈልግም። ትውጣ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ እንዳታወጪያት። ም ባትኖር አባትሽ ተናገረ ብቻ ነው የሚሆነው። እናትሽ እምቢ ያለችው እዚያች ም ላይ ነው።