በመዝናኛ መርከብ ላይ የክፍል ደረጃ የጋራውን ስፍራ ሊከፋፍል ይገባል? የጅማ ተወያዮች ክርክር

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሐጂ ውጭ አገር የምትኖረው ልጃቸው እርሳቸውንና ባለቤታቸውን በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በመዝናኛ መርከብ ልታንሸራሽራቸው ማሰቧን ነግረውን፣ የላከችላቸውን የክፍሎች ዝርዝርም እዚህ አስቀምጠውልናል። ዝርዝሩ አራት ደረጃዎች አሉት፦ መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል፣ የማይከፈት መስኮት ያለው የባሕር እይታ ክፍል፣ በረንዳ ያለው ክፍል እና ከሁሉ ሰፊና ውድ የሆነው ስዊት። በስዊቱ ሥር የተጻፈው ግን የክፍሉ ስፋት ብቻ አልነበረም፤ ሌላው መንገደኛ የማይገባበት ምግብ ቤት፣ የራሱ መዋኛ እና ላውንጅም (ማረፊያ አዳራሽ) ተዘርዝረዋል። በዚህ ላይ የተነሣው ክርክር ከአንድ ክፍል ምርጫ የሰፋ ስለሆነ ጥያቄውን እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ። በአንድ መርከብ የተሳፈሩ ሰዎች በከፈሉት የክፍል ዋጋ የተነሣ ከመርከቡ መገልገያዎች መለየታቸው ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? እባካችሁ ከጉዳዩ ሳንወጣ እንወያይ።

ጡረተኛው መምህር፦
ተገቢ አይደለም እላለሁ። ክፍሉ የተከራየው ሰው የግል ቦታ ስለሆነ ሰፊም ይሁን ጠባብ የከፋዩ ጉዳይ ነው፤ ባሕሩን የሚያዩበት የላይኛው ደርብ ግን የሁሉም ነው። የመርከብ ጉዞ ማዕረግ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ታሪክ አሳይቶናል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 በሰጠመችው ታይታኒክ ላይ ከ700 በላይ ለሆኑ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኞች የተዘጋጁት የመታጠቢያ ገንዳዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። በአደጋው ሌሊት ደግሞ ከአንደኛ ማዕረግ መንገደኞች ከ60 በመቶ በላይ ሲተርፉ፣ ከሦስተኛ ማዕረግ የተረፉት ሩብ ያህሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት የመዝናኛ መርከቦች ማዕረግን እየተዉ፣ ሁሉም መንገደኛ አንድ አዳራሽ ውስጥ የሚበላበትንና አንድ መዋኛ የሚጋራበትን አሠራር ይዘው ነበር። አሁን የማየው የተተወውን ማዕረግ በአዲስ ስም መመለስ ነው። ኤምኤስሲ የተባለው የመርከብ ኩባንያ በ2008 ፋንታዚያ በተባለችው መርከቡ ላይ ያስጀመረው ያት ክለብ በካርድ ብቻ የሚከፈት በር፣ የራሱ ምግብ ቤትና የራሱ መዋኛ ያለው፣ በመርከብ ውስጥ ያለ ሌላ መርከብ ነው። ኖርዌጂያን የተባለው ኩባንያም ሄቨን የሚለው ተመሳሳይ ክልል አለው።

የሆቴል ሥራ አስኪያጁ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ በሁለት ነገር አልስማማም። በመጀመሪያ፣ ታይታኒክን ለዛሬው ክርክር ማምጣት ተገቢ አይመስለኝም። ከዚያ አደጋ በኋላ በ1914 የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈርሟል፤ ዛሬም በአንድ መርከብ ላይ ላለ ሰው ሁሉ በነፍስ አድን ጀልባ ወይም ታንኳ ላይ ቦታ መኖሩ ግዴታ ነው፤ የጀልባ መሰብሰቢያ ቦታም በክፍል ዋጋ የሚሸጥ ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ የውስጥ ክፍል ርካሽ ሆኖ የሚሸጠው ሌላ ሰው ብዙ ስለሚከፍል ነው። እኔ በሆቴል ሥራ ላይ የማየውም ይኸው ነው፤ ጥቂት ውድ ክፍሎች ካልተሸጡ የመደበኛው ክፍል ዋጋ መውጣቱ አይቀርም። ርካሽ የከፈለው መንገደኛ ዋናውን ምግብ ቤት፣ ቡፌውን፣ ቲያትሩን፣ የጋራውን መዋኛና ጂሙን ያገኛል። ይህ ሁሉ ተሰጥቶት ሳለ ሌላው ሰው ጸጥ ያለ ላውንጅ ቢገዛ ምን ጎደለበት?

ጡረተኛው መምህር፦
የጎደለበት ቦታው ነው። የመርከብ ደርብ እንደ ከተማ መሬት ወደ ጎን አይሰፋም። ለጥቂቶች የተከለለው የፊተኛው ደርብ ቀድሞ ማንም ቆሞ ባሕሩን የሚያይበት ነበር። የኩናርድ ኩባንያ መርከብ ኩዊን ሜሪ 2 ከ2004 ጀምሮ ስትሠራ ክፍልህ የምትበላበትን ምግብ ቤት ይወስናል፤ ተራው መንገደኛ ብሪታኒያ፣ ከፍ ያለው ፕሪንሰስ ግሪል፣ ከሁሉ በላይ የሆነው ኩዊንስ ግሪል ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ሦስት ማዕረግ ካልሆነ ምንድን ነው? ሥራ አስኪያጁ የሚሉት የዋጋ ስሌት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ለርካሹ ክፍል መኖር የግድ በር መቆለፍ እንደሚያስፈልግ አላሳዩንም።

የቲኬት ቢሮ ሠራተኛዋ፦
ሁለቱም ወገኖች ስለ ስዊት ሲከራከሩ፣ አብዛኛው ሰው የሚወስነው ከውስጥ ክፍልና ከበረንዳ መካከል ስለሆነ፣ ክርክሩን ወደዚያ ልመልሰው። በትልልቅ መርከቦች ላይ የውስጥ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 17 ካሬ ሜትር ነው፤ በረንዳ ያለው ክፍል ራሱ ከ17 እስከ 20 ካሬ ሜትር ሲሆን በረንዳው ሁለት ወንበርና ትንሽ ጠረጴዛ የምትይዝ 4 ወይም 5 ካሬ ሜትር ይሆናል። ያ ትንሽ ቦታ ነው ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው። ድሮ በረንዳ የጥቂቶች ነበር። ከዚያ ወዲህ የነፍስ አድን ጀልባዎች ወደ ታች ወርደው፣ የጋራ አዳራሾችም ከታች ተሰብስበው፣ ላይኛዎቹ ደርቦች ለክፍሎች ተለቀቁ፤ ስለዚህ በአዳዲሶቹ መርከቦች ላይ አብዛኞቹ ክፍሎች በረንዳ አላቸው። እዚህ ላይ መምህር ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ፤ በረንዳ እየበዛ ሲሄድ የባሕር እይታን ከጋራው ደርብ ወደ ግል ክፍል ያዛወረው ስዊቱ ብቻ አልነበረም።

ስሞቹም ያታልላሉ። በ2009 ሥራ በጀመረችው ኦሲስ ኦፍ ዘ ሲስ ላይ በረንዳ ያላቸው ብዙ ክፍሎች ወደ ባሕሩ ሳይሆን በመርከቡ መካከል ወዳለው ሴንትራል ፓርክ የሚመለከቱ ናቸው፤ ከ10 ሺህ በላይ እውነተኛ ተክሎች ያሉበት የሚያምር ቦታ ነው፣ ነገር ግን ባሕር የለበትም። በ2018 በወጣችው ሰለብሪቲ ኤጅ ላይ ደግሞ የማያልቅ በረንዳ የሚሉት አለ፤ የክፍሉ የመጨረሻ ግድግዳ መስታወት ሆኖ የላይኛው ግማሽ በቁልፍ ወደ ታች ይወርዳል። ክፍሉ ይሰፋል፣ ንፋስም ይገባል፤ ወጥቶ የሚቆምበት በረንዳ ግን አይደለም። የውስጥ ክፍል ለያዙት ደግሞ ከውጭ ካሜራ የሚመጣውን ምስል ሙሉ ግድግዳ በሚያህል ስክሪን ላይ የሚያሳዩ መርከቦች አሉ።

አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። በጣም ርካሽ ሆኖ የሚሸጠው ጋራንቲ የሚባለው ቲኬት፣ ደረጃውን እንጂ የክፍሉን ቁጥር አያረጋግጥም፤ ኩባንያው ራሱ ነው የሚመድበው። ከመዋኛው ሥር ከሆነ ማለዳ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፤ ከሙዚቃው ቤት በላይ ከሆነ ሌሊቱ አይነጋም። መስኮቱ በጀልባ የተጋረደ ሲሆን ይህ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ ያልፋል። የቡድኑ አባላት ቢፈቅዱልኝ፣ ተጠቃሚውን ከስዊቱ በር ይልቅ የሚጎዳው ይህ ይመስለኛል።

ሐጂ፦
ዝርዝሩን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ የራሴን ልበል። እኔ ለስዊትም ለማዕረግም ጉጉት የለኝም። ነገር ግን ልጄ የመጠጥ ጥቅል እንድንገዛ ስትጠይቀኝ አንድ ነገር ተረዳሁ። በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ በአንድ ክፍል ውስጥ ካሉት ዐዋቂዎች አንዱ የአልኮል ጥቅል ከገዛ ሌላውም እንዲገዛ ይገደዳል። እኔና ባለቤቴ የማንጠጣ ሰዎች ስለሆንን ጉዳዩ አይነካንም፤ ግን ከማይጠጣ ዘመዱ ጋር አንድ ክፍል ለሚይዝ ሰው ይህ ከየትኛውም ደረጃ የበለጠ አድልዎ ነው። በሌላም በኩል መስኮት የሌለው ክፍል ቀኑንና ሌሊቱን አያሳይም፤ መርከቡ ሲዞር ቂብላውም (የስግደት አቅጣጫው) አብሮ ስለሚዞር ብርሃን ማየቴ ለሶላቴ ይጠቅመኛል።

የጅማ ሰው ነኝና የቡናውንም ጠይቄ ነበር። ጀበና፣ ከሰልና ዕጣን በየትኛውም ክፍል አይፈቀድም፤ በረንዳው ላይም ቢሆን እሳት የሚባል ነገር ሁሉ ክልክል ነው፣ ማሞቂያ ዕቃም ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ይያዛል። የስዊቱ እንግዳ የቡና ማሽን ቢያገኝ የእኔ ቅሬታ ባይሆንም፣ እነርሱ ቡና ይበሉት።

ሲስተር፦
ሐጂ፣ ስለ ክፍሉ ከመወሰንዎ በፊት ስለ ባለቤትዎ ጉልበት ሊያስቡ ይገባል። እስካሁን ማንም ያላነሣው ደረጃ አለ፤ ለአካል ጉዳተኞችና ለመራመድ ለሚቸገሩ የተዘጋጀው ክፍል። በሩ ሰፊ ነው፣ ገላ መታጠቢያው ደፍ የለውም፣ በሽንት ቤቱም አጠገብ የሚይዙት ብረት አለ። የእነዚህ ክፍሎች ቁጥር ጥቂት ስለሆነ ቀድመው ያልቃሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 በኖርዌጂያን መርከብ ኩባንያ ላይ በቀረበ ክስ፣ የአገሪቱ የአካል ጉዳተኞች ሕግ በውጭ አገር ባንዲራ ሆነው ወደ አሜሪካ ወደቦች በሚገቡ መርከቦችም ላይ በመሠረቱ እንደሚሠራ ወስኗል። ከዚህ ተነሥቼ የማቀርበው ሐሳብ፣ ልዩነቱን የሚፈጥረው ገንዘብ ሲሆንና የሰውነት አቅም ሲሆን ለየብቻ መታየት አለባቸው የሚል ነው። የላውንጁን በር ለገንዘብ መቆለፍ የዋጋ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ የመራመድ ችግር ያለባት እናት ቅርብ የሆነውን ሊፍት የምታገኘው ውዱን ክፍል ከገዛች ብቻ ከሆነ ግን ይህን ማንም ሊያጸድቅልኝ አይችልም።

ስለ ባሕር ሕመምም፦ ውድ ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ከላይ ናቸው፤ መርከቡ ሲወዛወዝ ደግሞ ከላይና ከጫፍ ያለው ክፍል ነው ይበልጥ የሚሰማው። ከመካከልና ከታች ያለው ክፍል ይረጋል። ሆዳቸው ለሚታወክ ሰዎች ርካሹ ክፍል ከስዊቱ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የሆቴል ሥራ አስኪያጁ፦
የሲስተርን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ የሊፍትና የመታጠቢያ ጉዳይ ከንግድ ውጪ መሆን አለበት። ነገር ግን በዚሁ መንገድ ሁሉንም ነገር መብት ካደረግነው ብቻቸውን የሚጓዙ ሰዎች ምን ሊደረግላቸው ነው? አንድ ሰው የሁለት ሰው ክፍል ሲይዝ እስከ ሙሉ የሁለተኛ ሰው ዋጋ ይጨመርበታል። በ2010 የወጣችው ኖርዌጂያን ኤፒክ ለዚህ መልስ ይሆን ዘንድ 9 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው 128 የአንድ ሰው ክፍሎች ሠርታ፣ ለእነርሱ ብቻ የሚከፈት የጋራ ላውንጅም ሰጠቻቸው። መምህር፣ ይህም የተቆለፈ በር ነው፤ የቆለፈው ግን ለርካሹ ክፍል ጥቅም ነው። ስለዚህ ክልክል የሚሆነው መቆለፉ ራሱ አይመስለኝም።

ጡረተኛው መምህር፦
ምሳሌው ጥሩ ነው፤ መቆለፍን በጅምላ ማውገዜ ስሕተት እንዳይሆንብኝ ሐሳቤን ላጥብብ። ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ጠባብ ክፍሉን የሚያካክስ ላውንጅ መስጠት ከጋራው ቦታ መውሰድ አይደለም፤ ለጎደለው መሙላት ነው። የምቃወመው ከዚህ ቀደም ሁሉም ይቆምበት የነበረውን የመርከቡን ግንባር፣ የላይኛውን መዋኛና ጥላውን ወስዶ ለጥቂቶች መሸጥን ነው። መመዘኛውም ቀላል ነው፦ ስዊቱ አዲስ ነገር ከጨመረ ይጨምር፤ ከነበረው ላይ ከቀነሰ ግን ኩባንያው ቲኬቱን በሚሸጥበት ቀን በግልጽ ይናገር። በጃንዋሪ 2024 ሥራ የጀመረችው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ በሁለት ሰው ለአንድ ክፍል ስሌት 5,610 መንገደኞችን ትይዛለች። ይህን ያህል ሕዝብ በሚጋራው ደርብ ላይ እያንዳንዱ የተከለለ ሜትር ለቀሪው ሰው በወንበር መሻማት ይገለጻል።

የሆቴል ሥራ አስኪያጁ፦
በዚህ መመዘኛ አልጣላም፤ ነገር ግን አዲስ መርከብ ሲሠራ «የነበረው» የሚባል የለም። ንድፉ ከመጀመሪያው ሁለት መዋኛ ካለው፣ ሁለተኛው ለስዊቱ መሆኑ ከማን ተቀነሰ? ደግሞም ትልልቆቹ መርከቦች ይህን ያህል መዝናኛ ሊያቀርቡ የቻሉት የላይኛው ገበያ ስለሚከፍል ነው።

የቲኬት ቢሮ ሠራተኛዋ፦
የሁለታችሁን ክርክር በአሠራር ልመዝነው። መንገደኛው ከመክፈሉ በፊት የመርከቡን የደርብ ንድፍ ማየት ይችላል፤ ለስዊት የተከለለው ቦታም በብዙዎቹ ላይ በቀለም ተለይቶ ይታያል። ስለዚህ መምህር የሚጠይቁት ግልጽነት በከፊል አለ። የሌለው ግን ዋጋው ላይ ነው። የየቀኑ የአገልግሎት ጉርሻ በብዙ ኩባንያዎች ለስዊት ከፍ ይላል፤ ዋይፋይ፣ ልዩ ምግብ ቤትና ስፓ ደግሞ ከመሠረታዊው ዋጋ ውጪ ናቸው። የውስጡ ክፍል ርካሽ መስሎ ታይቶ እነዚህ ሲጨመሩበት ከበረንዳው ጋር ሊቀራረብ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሁሉንም ያካተተው ስዊት ከዚያ ብዙም አይርቅም። የአንዱን ደረጃ ዋጋ ከሌላው ጋር የሚያነጻጽር ሰው የሁለቱንም ሙሉ ሒሳብ ይጠይቅ።

ሐጂ፦
ክርክሩን እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ፤ ከመምህርም ከሥራ አስኪያጁም ተምሬአለሁ። ልጄን የማዛት እንዲህ ነው፦ በረንዳ ያለው ክፍል፣ ከመርከቡ መካከል፣ ከመዋኛው በታች ያልሆነ፣ ለባለቤቴ ደፍ የሌለው መታጠቢያ ያለውና የክፍሉ ቁጥር በቲኬቱ ላይ የተጻፈ ይሁን። እንዲህ ያለው ክፍል ካለቀ በረንዳውን ትታ በመስኮት ያለውን ትውሰድ፤ መታጠቢያውን ግን አትተው። የመጠጥ ጥቅል አትጨምር። የጋራውን ደርብ ንድፍም እንድትልክልኝ እጠይቃታለሁ፤ ሲደርሰኝ ምን ያህሉ ለስዊት እንደተከለለ እዚህ አስቀምጥላችኋለሁ፤ መምህርና ሥራ አስኪያጁም በዚያው ላይ ይቀጥሉ።