20 ፈረስ ስንት ኪሎዋት ነው?

ወገኖች እባካችሁ አንድ በሉኝ። ሐይቅ ከተማ ያለው ወፍጯችን የናፍጣ ሞተሩ ስላረጀ በኤሌክትሪክ ልንቀይረው ነው። አሮጌው ላይ የተለጠፈው 20 ሆርስፓወር ይላል። ደሴ ያየሁት ደግሞ 15 ኪሎዋት። ሻጩ «አብሽር፣ ያው ነው» አለኝ።

ሆርስፓወር (የፈረስ ጉልበት) የሚለውን ቃል ያስለመደው ጄምስ ዋት ነው፤ የእንፋሎት ሞተሩን ከፈረስ ጋር ለማወዳደር። አንዱ ፈረስ 33,000 ፓውንድ በደቂቃ አንድ ጫማ ከፍ ማድረግ ማለት ነው፣ በዛሬው 746 ዋት ገደማ። የሜትሪኩ ፈረስ ደግሞ 735.5 ዋት ነው። ፈረሱም ሁለት ዓይነት ሆነ እንግዲህ! በሁለቱም ባሰላው ሻጩ ልክ ነው።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። የናፍጣው 20 የመጨረሻ አቅሙ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው? የመጨረሻው ከሆነ 11 ኪሎዋት አይበቃንም? የምንፈጨው ጤፍና ማሽላ ነው። የቀየራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ቀብድ ሳልከፍል።