የዓሣ እሾህ የወጋቸው አማቴ አንገታቸው አበጠ፤ ልጠብቅ ወይስ ደሴ ልውሰዳቸው?

የቦርከና ዳሯ፦
ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። ከሐይቅ ያመጣሁትን ቆሮሶ ዓሣ ጠብሼ ለአማቴ ያቀረብኩት እኔው ነኝ፤ እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው። እሑድ ሲበሉ አንድ ነገር ጉሮሯቸውን ወጋቸው። እንደ ቤታችን ልማድ ደረቅ እንጀራ እየጠቀለልኩ አስዋጥኳቸው፤ «ወረደልኝ» አሉ። ማክሰኞ አተኮሳቸው። ክሊኒክ «ቶንሲል ነው» ብሎ አሞክሳሲሊን ሰጣቸው። ዛሬ ዓርብ ነው። የአንገታቸው ቀኝ ጎን ቀልቶ እንደ ጣውላ ደርቋል፣ ምራቃቸውን እንኳ መዋጥ አቅቷቸው በፎጣ ይጠርጋሉ። ስኳርም አለባቸው። እርሳቸው ግን «ኪኒኑን ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም» ብለዋል።

ሐይቅ ያደገ፦
እኛ ዘንድ ሙዝ ያስውጣሉ። ሙቅ ጨርቅ ያዢላቸው፣ ይሟሟል።

ጤና መኮንኑ፦
እህቴ፣ አብሽሪ፤ ግን አትጠብቂ። ጨርቁም ሙዙም ይቅር፤ እሾህ በሙቀት አይሟሟም። ጉርሻው እሾሁን የበለጠ ሰክቶት ይሆናል፤ ሕመሙ ጋብ ማለቱ ወጥቷል ማለት አይደለም። የጉሮሮን ግድግዳ ከበሳ የአፍ ባክቴሪያ በአንገት ሥጋ መካከል ይሰራጫል፣ ወደ ደረትም ይወርዳል። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይፈጥናል። መግሉ ካልተከፈተና እሾሁ ካልወጣ ኪኒን ብቻውን አያድንም። ቀጭን የዓሣ እሾህ በተራ ራጅ ላይታይ ስለሚችል ስለ ዓሣው ሳትደብቂ ንገሪያቸው፤ ሲቲ ስካን የሚያዙት ያን ሲሰሙ ነው። ምንም አታብያቸው፣ ለቀዶ ሕክምና ሆዳቸው ባዶ ቢሆን ይሻላል። መተንፈስ ካስቸገራቸው፣ ቆዳው ከጠቆረ ወይም ስትነኪው ከተንኮሻኮሸ ደቂቃም አታባክኚ። ለማንኛውም ዛሬውኑ ተነሡ።

የቦርከና ዳሯ፦
ያን ሌሊት በኮንትራት መኪና ደሴ ገባን። ባለቤቴ ነው ተሸክሞ ያስገባቸው፤ እስከ በሩ ድረስ እየተቆጡ ነበር። ሲቲ ስካኑ ከጉሮሮው ጀርባ መግልና እሾህ አሳየ። አንገታቸውን ከፍተው አጠቡ፣ መድኃኒቱን በደም ሥር ሰጧቸው፤ 11 ቀን ተኝተው ወጡ። እሾሁ የጥፍሬን ያህል እንኳ አይረዝምም። ሐኪሙ በፋሻ ጠቅልሎ ሰጣቸው፤ አሁን ጠያቂ በመጣ ቁጥር ከትራሳቸው ሥር እያወጡ «የምራቴ ዓሣ» ይላሉ።