ቤር ካኒስተሩ (ድብ የማይከፍተው የምግብ መያዣ) አልዘጋ አለኝ፣ ምኑን ላውጣ?

የኦክላንዷ፦
ሰላም ወገኖች። ለፍልሰታ ከባለቤቴ ጋር ካሊፎርኒያ ያለው ዮሰሚቲ ፓርክ ልንሄድ ነው፣ ሦስት ሌሊት ጫካ አድረን በአራተኛው ቀን እንመለሳለን። ድብ ስላለ ምግብ በሙሉ ቤር ካኒስተር ውስጥ መግባት አለበት፣ ዛፍ ላይ ማንጠልጠል ክልክል ነው። 11.5 ሊትር የሚይዘውን ባለ ጥምዝ ክዳን ገዛሁ። ትናንት ሳሎን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ስጠቀጥቅ አመሸሁ፣ ክዳኑ ላይ በጉልበቴ ሁሉ ወጣሁበት፣ ወይ ፍንክች! ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ኦትሚል ከነካርቶኑ፣ የታሸገ የካምፕ ምግብም አለ። ጾም ስለሆነ ቋንጣ የለም። ሁለተኛ ልግዛ?

ተራራ ወጪው፦
እህቴ፣ እንዳትገዢ። ባዶው ብቻ ከ1 ኪሎ በላይ ነው፣ ማን ሊሸከመው? መጀመሪያ ሂሳቡን አስተካክይ። የመጀመሪያውን ቀን ቁርስ መኪና ውስጥ ትበላላችሁ፣ ምሳና እራቱም ከመተኛታችሁ በፊት ያልቃል፣ ከእጃችሁ እስካልራቀ ድረስ ካኒስተሩ ውስጥ ባይገባም ችግር የለውም። ስለዚህ የሚገባው የሦስት ቀን ብቻ ነው። ለሰው በቀን 700 ግራም ብትይዙ ለሁለታችሁ 4 ኪሎ ከምናምን፣ ይገባል። ካርቶኑን ጣይና ሁሉንም ዚፕሎክ ላስቲክ ውስጥ አድርጊ፣ አየሩን ጨምቀሽ አስወጪ። የታሸገውን የካምፕ ምግብም አየሩ እንዲወጣ በመርፌ ብሺው፣ ግን ከላይ በኩል። የፈላ ውሃ የሚጨመረው እዚያው እሽጉ ውስጥ ስለሆነ እኔ ታች በስቼው እራቴ ሱሪዬ ላይ ፈሷል።

የአዲሷ እናት፦
የኔ እህት፣ ድርቆሽ እኮ አየር ነው የተሸከምሽው! በሶ ያዢ። ቦታ አይፈጅ፣ ጋዝ አይፈጅ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በስኳር በጥብጠሽ ጠጥተሽ መንገድሽን መቀጠል ነው። ዳቦ ቆሎውን ደግሞ በትናንሽ ላስቲክ ከፋፍለሽ መጨረሻ ላይ በየክፍተቱ ሸጉጪው።

ተራራ ወጪው፦
ድርቆሹን አትንኩብኝ፣ ሦስተኛው ማታ ላይ የሚናፍቀው እሱ ነው። በእጅሽ ፈርፍሪው፣ ግማሽ ቦታ ይበቃዋል።

ዝምተኛው፦
የጥርስ ሳሙናውንስ? ሁላችሁም ረሳችሁት። ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ይገባል፦ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት)፣ የከንፈር ቅባት፣ የተበላበት ባዶ ላስቲክ ሳይቀር። ቦታ የሚያልቀው በዚህ ነው። የመጨረሻውን ቀን ምግብ ታች አድርጊ፣ የነገውን ላይ። ማታ ከድንኳኑ 30 ሜትር ያህል አርቃችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት። ወንዝ ወይም ገደል አጠገብ ግን እንዳይሆን፣ ድቡ ባይከፍተውም እያንከባለለ ይወስደዋል። ገመድ አትሰሩበት፣ መጎተቻ ይሆነዋል።

የኦክላንዷ፦
ተባረኩ! በሶው ገባ፣ ድርቆሹም ተፈርፍሮ ገባ፣ ኦትሚሉ ቤት ቀረ። ቀጭ ብሎ ተዘጋ። አሁን ደግሞ እኔም ባለቤቴም መክፈት አቃተን!

ዝምተኛው፦
ክዳኑ ጠርዝ ላይ ሁለት ጉብታዎች አሉ አይደል? ስታዞሪው እያንዳንዱን ተጭነሽ ማሳለፍ አለብሽ። ጣትሽ ካቃተው የባንክ ካርድ ጫፍ አስገቢበት። ጠዋት በብርድ ይብሳል፣ ካርዷን ጫካም ይዘሻት ሂጂ።